ጣሪያ ሲነሳ የሚከፈለው ዋጋ፦ የክፍት ቅንጦት ስፖርት መኪኖች ዳሰሳ

ፖርሽ 911 ካሬራ ኤስ የተባለ መኪናውን በሁለት መልክ ይሸጣል። አንዱ ጣሪያው በላሜራ የተዘጋ ነው፤ ሌላው የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ አለው። በ2019 ገበያ በወጣው ዓይነት የሁለቱም ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ካምቢዮውም አንድ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ዝጉ 1,515 ኪሎ፣ ክፍቱ 1,585 ኪሎ ይመዝናሉ። ላሜራ ወጥቶ ጨርቅ ሲገባ መኪናው የሚቀል ይመስላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ 70 ኪሎ ጨመረ።

በሌሎችም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ ይለያያል። ባለ 12 ሲሊንደሩ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል በሦስተኛው ትውልዱ ዝግ ሆኖ 2,244 ኪሎ፣ ክፍት ሆኖ 2,414 ኪሎ ይመዝናል፤ ልዩነቱ 170 ኪሎ ነው። የላምቦርጊኒው ክፍት አቬንታዶር ሮድስተር ከዝጉ በ50 ኪሎ፣ የማክላረኑ ክፍት 720ኤስ ስፓይደር ደግሞ በ49 ኪሎ ብቻ ይበልጣሉ።

ይህ ዳሰሳ በእነዚህ ልዩነቶች ላይ ያተኩራል። ጣሪያ ሲነሳ ከመኪናው ምን ይጎድላል? መሐንዲሶች ላለፉት 70 ዓመታት የጎደለውን በምን ሞሉት? መኪና ወዳድ ሰው የቴክኒክ መግለጫ ሲያነብ የትኛውን ቁጥር ማስቀደም አለበት? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ የአንድን ክፍት ስፖርት መኪና ጥበብ የሚያሳየው የፈረስ ጉልበቱ ወይም ከ0 እስከ 100 የሚደርስበት ሰከንድ አይደለም። ጣሪያው ሲነሳ ምን ያህል ክብደት እንደጨመረና ያ ክብደት የት እንደተቀመጠ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጣሪያ ምን ሥራ ይሠራል?

የዛሬ አውቶሞቢል እንደ ጭነት መኪና በከባድ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ቦዲ አይደለም። ወለሉ፣ ጎኖቹ፣ የመስታወት ዓምዶቹና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይደው ሸክሙን የሚችለው ራሱ ቦዲው ነው። የጫማ ካርቶን ክዳኑ እንደተገጠመ በሁለት እጅ ይዘው ሊጠመዝዙት ቢሞክሩ እምቢ ይላል፤ ክዳኑ ከተነሳ ግን በቀላሉ ይጣመማል። መኪናም እንዲሁ ነው። የፊት ግራ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ደግሞ ጉብታ ላይ ሲወጣ ቦዲው በቁመቱ ሊጠማዘዝ ይቃጣል። ዝግ መኪና ላይ ጣሪያው ያን ኃይል ከፊት ዓምዶች ወደ ኋላ ዓምዶች ያሻግረዋል። ጣሪያ ሲጠፋ ይህ የኃይል መተላለፊያ ይቋረጥና ሸክሙ ሁሉ ወደ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ወዳሉት ወራጆች ይወርዳል።

መሐንዲሶች ይህን ግትርነት በኒውተን ሜትር በዲግሪ ይለኩታል፤ ቦዲውን በአንድ ዲግሪ ለማጣመም ምን ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ሰስፔንሽን ሥራውን በትክክል የሚሠራው የታሰረበት አካል ጸንቶ ሲቆም ነው። ቦዲው ራሱ እንደ ሞላ ከተወዛወዘ፣ ለጎማ ቁጥጥር ተብሎ በጥንቃቄ የተመረጠው ሞላና ሾክ አብሶርበር ትርጉም ያጣል። ኩርባ ላይ አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር መኪናው የሚመልሰው ጥቂት ዘግይቶ ይሆናል። ሻካራ መንገድ ላይ ደግሞ የፊት መስታወቱ ፍሬም ይንቀጠቀጣል፣ በኋላ ማሳያ መስታወት የሚታየው ነገር ይርገበገባል፣ በሮቹ ይንቋቋሉ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከበር ሥር ያሉት ወራጆች ይወፍራሉ፣ ወለሉ ከሥሩ በሰያፍ ብረቶች ይታሰራል፣ የፊት መስታወቱ ፍሬም ውስጥ ጠንካራ የብረት ቱቦ ይገባል፣ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ግድግዳ ይጠናከራል። በዚህ ላይ ጣሪያውን የሚያጥፉት ሞተሮች፣ ፖምፓና ክንዶች ይጨመራሉ። የፖርሽ 70 ኪሎ ከዚህ የመጣ ነው። የቤንትሌይ 170 ኪሎም እንዲሁ፤ ቤንትሌይ አራት ሰው የሚይዝ ረጅም መኪና ስለሆነ ጣሪያው ሲነሳ የሚፈጠረው ክፍተት ሰፊ ነው፣ ጣሪያውም ትልቅና ባለብዙ ንብርብር ነው።

ማክላረን በ49 ኪሎ የተገላገለበት ምክንያት ሌላ ነው። የመኪናው እምብርት ከካርቦን ፋይበር በአንድነት የተሠራ ጥልቅ ገንዳ መሰል አካል ነው። ወለሉና ወፋፍራም ጎኖቹ ብቻቸውን መጠማዘዝን ስለሚቋቋሙ ጣሪያው ቢነሳም ተጨማሪ ማጠናከሪያ አላስፈለገም። የተጨመረው ኪሎ በአብዛኛው የጣሪያው ማጠፊያ ነው። አቬንታዶርም የካርቦን እምብርት አለው። በዚያ ላይ ጣሪያው በእጅ የሚነሱ ሁለት የካርቦን ክዳኖች ሲሆን እያንዳንዳቸው ከ6 ኪሎ በታች ይመዝናሉ፤ ሞተርም ፖምፓም የለም። ከዚህ የምንረዳው ጣሪያ የማንሳት ዋጋ በተፈጥሮ የተቆረጠ እንዳልሆነ ነው። የሚወስነው መኪናው ከሥር መሠረቱ የታሰበበት መንገድ ነው።

የመርሴዲስ 300 ኤስኤል ትምህርት

ይህን ሐቅ ቀደም ብሎ በገሃድ ያሳየው የመርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስኤል ነው። ሐሳቡ ከውድድር ሜዳ መጣ። መሐንዲሱ ሩዶልፍ ኡህለንሃውት ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በሦስት ማዕዘን የተጋጠመ ቀላልና ግትር አጽም አዘጋጀ፤ መኪናውም በ1952 የለማን ውድድርን አሸነፈ። አጽሙ ግትር እንዲሆን ግን ጎኖቹ ከፍ ማለት ነበረባቸው፤ ስለዚህ መደበኛ በር የሚገባበት ቦታ አልተረፈም። በጣሪያው በኩል ወደ ላይ የሚከፈቱት ዝነኛ በሮች የተወለዱት ከዚህ አስገዳጅ ሁኔታ ነው። በአሜሪካ የአውሮፓ መኪኖች አስመጪ የነበረው ማክስ ሆፍማን ለገበያ እንዲቀርብ ገፋፋ፤ በ1954 በኒውዮርክ ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ባለ 6 ሲሊንደር የ3 ሊትር ሞተሩ 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ባለአራት ምት ሞተር ለገበያ በሚመረት መኪና ላይ ሲገጠምም የመጀመሪያው ነበር።

የአሜሪካ ደንበኞች፣ በተለይ በፀሐያማዋ ካሊፎርኒያ፣ ክፍት መኪና ፈለጉ። መሐንዲሶቹ በ1957 ሮድስተሩን ሲያወጡ ጣሪያውን ቆርጠው አልጣሉም። የቱቦውን አጽም እንደገና ነድፈው ጎኖቹን ዝቅ አደረጉ፣ በር የሚገባበት ቦታ ከፈቱ፣ የጠፋውን ግትርነት በሌሎች ማሰሪያዎች መለሱ። በዚያው አጋጣሚ ዝጉን መኪና ኩርባ ላይ አስቸጋሪ ያደርገው የነበረውን የኋላ አክስል በተሻሻለ ዓይነት ተኩት። ክፍቱ መኪና 1,330 ኪሎ ገደማ ሆኖ ከዝጉ ከበደ፤ ለመንዳት ግን ይበልጥ የሚታመን ሆነ። በ1961 ደግሞ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን አገኘ። ዝጉ 1,400፣ ሮድስተሩ እስከ 1963 ድረስ 1,858 ተመርተዋል።

በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሮድስተሩ የተሻለ መኪና የሆነው መሐንዲሶቹ ጣሪያውን የማንሳትን ችግር መኪናውን በሙሉ እንደገና ለማሰብ ስለተጠቀሙበት ነው። የጨመረው ኪሎ በከንቱ አልጠፋም።

ክልከላ የተፈራበት ዘመን

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የክፍት መኪና ፈተና ከግትርነት ወደ ሕይወት ዞረ። መኪና ቢገለበጥ የተሳፋሪውን ራስ ምን ይጠብቀዋል? አሜሪካ ክፍት መኪናን በሕግ ትከለክላለች የሚል ሥጋት በአምራቾች ዘንድ ተስፋፋ። ፖርሽ በ1965 በፍራንክፈርት ትርኢት 911 ታርጋን ይዞ የቀረበው ለዚህ ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ ሰፊ የብረት ቅስት አቁሞ ከላይ ያለውን ክዳን ብቻ ተነሺ አደረገው። ክልከላው በተፈራው መልክ አልመጣም፤ ፍርሃቱ ግን ገበያውን አቀዘቀዘው። ካዲላክ በ1976 ኤልዶራዶን የመጨረሻው የአሜሪካ ክፍት መኪና ብሎ ሸጠው። 911 ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ጣሪያ ያገኘው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

መርሴዲስ በ1971 ያወጣው ኤስኤል እስከ 1989 ድረስ ለ18 ዓመታት የተመረተው በዚህ ዘመን ነው። መልሱ የፊት መስታወቱን ዓምዶች ማጠንከር ነበር። ከዚያ በ1989 የመጣው ተከታዩ ትውልድ ጥያቄውን በሌላ ብልሃት ፈታው። ቅስቱ ከመቀመጫው ጀርባ ተኝቶ ይቆያል፤ ዳሳሾች መኪናው ሊገለበጥ መሆኑን ሲያውቁ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ተነሥቶ ይቆማል። የደህንነት ቀበቶውም ከመቀመጫው ራሱ ጋር ተዋሐደ። የአሽከርካሪው እይታና የመኪናው መልክ ሳይነካ ጥበቃው ተገኘ። ዛሬ በአብዛኞቹ የቅንጦት ክፍት መኪኖች ላይ ያለው ተወንጫፊ የራስ መከላከያ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

በእኔ እምነት ከ1957ቱ ሮድስተር ወዲህ በክፍት መኪና ታሪክ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። የፈረስ ጉልበት የሚጨምር ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ከታርጋ ቅስት ወደማይታይ ቅስት መሻገር ግን ሰዎች በድፍረትና በደህንነት መካከል ከመምረጥ እንዲድኑ አደረገ።

ብረት ወይስ ሸራ?

የሚታጠፍ የብረት ጣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪምና የመኪና ነዳፊ ዦርዥ ፖላን በ1930ዎቹ ሐሳቡን አቅርቦ ፔዦ በ1934 በ401 ኤክሊፕስ ላይ ሥራ ላይ አውሎታል። ፖላን በኋላ የፀረ ናዚ ትግሉ አባል ሆኖ በ1942 በጀርመኖች ተረሸነ። ፎርድ ከ1957 እስከ 1959 በስካይላይነር መኪናው ሞከረው፤ ጣሪያው ግን የዕቃ መጫኛውን በሙሉ የሚውጥ ግዙፍ ነበር። ሐሳቡ ዳግም ሕይወት ያገኘው መርሴዲስ በ1996 በትንሹ ኤስኤልኬ ላይ በ25 ሰከንድ የሚከፈት የብረት ጣሪያ ሲያመጣ ነው። በ2001 ትልቁ ኤስኤል ተከተለ፤ ጊዜው ወደ 16 ሰከንድ ወረደ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመታት ያህል የብረት ጣሪያ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ሰነበተ። ጥቅሙ እውነት ነው። ሲዘጋ መኪናው ጸጥ ይላል፣ ሌባ በቢላ አይቀደውም፣ በክረምት ይሞቃል።

ጉዳቱም እውነት ነው። ብረቱ ሲታጠፍ የዕቃ መጫኛውን ይወስዳል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሲዘጋ ደግሞ ክብደቱ ከላይ ይሆንና የመኪናውን የክብደት ማዕከል ከፍ ያደርጋል። ነዳፊዎችም የታጠፈውን ብረት ለመሸሸግ የመኪናውን ኋላ ማሳበጥ ነበረባቸው። በዚህ መካከል ባለብዙ ንብርብሩ ሸራ ድምፅንና ቅዝቃዜን በመከላከል ተሻሻለ። ቢኤምደብሊው በ2018 ዜድ4ን፣ በ2020 ደግሞ ባለ አራት መቀመጫውን ተከታታይ 4 ወደ ሸራ መለሰ። መርሴዲስ በ2021 ባወጣው ኤስኤል 20 ዓመት የተጠቀመበትን የብረት ጣሪያ ተወው። አዲሱ ሸራ ከቀድሞው ጣሪያ በ21 ኪሎ ይቀላል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ፣ መኪናው በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር እየሄደም ቢሆን ይከፈታል። የፖርሽ 911 ሸራ በማግኒዥየም ቅስቶች ተወጥሮ በ12 ሰከንድ ይከፈታል፤ ሲዘጋ ከዝጉ መኪና የጣሪያ መስመር ብዙም አይርቅም።

ሞተራቸው መሐል ላይ የሆነ ብዙ መኪኖች ግን በጠንካራው ጣሪያ ጸንተዋል፤ ምክንያትም አላቸው። መቀመጫቸው ሁለት ብቻ ስለሆነ ጣሪያቸው ትንሽ ነው። ፌራሪ በ2011 ያወጣው 458 ስፓይደር ሞተሩ መሐል ሆኖ የሚታጠፍ ጠንካራ ጣሪያ የያዘ የመጀመሪያው መኪና ነው። የአሉሚኒየም ጣሪያው በ14 ሰከንድ ይታጠፋል፤ ፌራሪም ከተለመደው የሸራ ጣሪያ በ25 ኪሎ ይቀላል ብሏል። ስለዚህ ብረት ወይም ሸራ ይበልጣል ብሎ በጅምላ መፍረድ ስህተት ነው። ክፍተቱ ትንሽ ሲሆን ጠንካራ ክዳን ያዋጣል፤ ኋላ መቀመጫ ሲኖርና ጣሪያው ሲረዝም ሸራ ያሸንፋል።

ንፋስ

ክፍት መኪና ውስጥ ሰውን የሚያስቸግረው ከፊት የሚመጣው ንፋስ ብቻ አይደለም። አየሩ ከፊት መስታወቱ ጫፍ ላይ ይላቀቅና ከተሳፋሪው ራስ በላይ አልፎ ከኋላ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይመለሳል። አንገት ላይ የሚመታው ይህ የተመለሰ ንፋስ ነው። የ1989ኙ ኤስኤል ከመቀመጫው ጀርባ የሚቆም ስስ መረብ ይዞ መጣ፤ መረቡ የሚመለሰውን አየር ይሰብረዋል። በ2004 መርሴዲስ ከመቀመጫው የራስ መደገፊያ አንገት ላይ ሞቅ ያለ አየር የሚነፋ መሣሪያ በኤስኤልኬ ላይ ገጠመ። እነዚህ ትናንሽ ነገሮች በቅንጦት ዝርዝር ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ጣሪያውን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፍት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ፍጥነትንም የሚይዘው ይኸው አየር ነው። የማክላረን 720ኤስ ስፓይደር ጣሪያው ሲዘጋ ልክ እንደ ዝጉ ወንድሙ በሰዓት 341 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሲከፈት ግን ከፍተኛው 325 ነው። የቡጋቲ ቬይሮን ግራንድ ስፖርትም ተዘግቶ 407፣ ተከፍቶ 360 ነበር። ስለዚህ በመግለጫ ላይ የከፍተኛ ፍጥነት ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጣሪያው ተዘግቶ ነው ወይስ ተከፍቶ የሚለው ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታዩ በተከፈተ ጣሪያ የተመዘገቡት ክብረ ወሰኖች ያስደንቃሉ። በ2013 ባለ 1,200 የፈረስ ጉልበቱ ቡጋቲ ቬይሮን ግራንድ ስፖርት ቪቴስ በጀርመን ኤራ ሌሲን መሞከሪያ ላይ 408.84 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነካ። በኅዳር 2024 ባለ 1,600 የፈረስ ጉልበቱ ቡጋቲ ደብሊው16 ሚስትራል፣ አሽከርካሪው አንዲ ዋላስ፣ በጀርመን ፓፐንቡርግ 453.91 አስመዘገበ። በመንገድ ላይ ጥቅም ባይኖራቸውም ጣሪያ የሌለው አካል ምን ያህል ሊጸና እንደሚችል ያረጋግጣሉ።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብብ?

ከ0 እስከ 100 የሚወስደውን ጊዜ እንመልከት። ካሬራ ኤስ ዝጉ በ3.7 ሰከንድ፣ ክፍቱ በ3.9 ሰከንድ ይደርሳል። ባለ 650 የፈረስ ጉልበቱ 911 ተርቦ ኤስ ዝጉ 2.7፣ ክፍቱ 2.8 ነው፤ የከፍተኛ ፍጥነታቸው ቁጥር ግን አንድ ነው፣ 330። ቤንትሌይ 170 ኪሎ ተሸክሞም ከ3.7 ወደ 3.8 ብቻ ዘገየ። ማክላረን 2.9 ላይ ምንም አልተለወጠም። የዛሬ ሞተሮች ኃይል ከመትረፍረፉ የተነሳ በቀጥታ መንገድ ላይ የጣሪያው ዋጋ በሰከንድ አይታይም። ዋጋው የሚታየው ኩርባ ላይ፣ ፍሬን ሲያዝና ሻካራ መንገድ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመግለጫው ሠንጠረዥ አይጻፉም። የሰከንዱን ቁጥር ከልክ በላይ የሚያመልክ ሰው መኪናውን በሚመቸው ፈተና ብቻ ፈተነው ማለት ነው።

ክብደትን በተመለከተ ደግሞ ከባድ ወጥመድ አለ፤ ሁሉም አምራች በአንድ ሚዛን አይመዝንም። የጀርመኑ ደረጃ ፈሳሾቹን ሁሉ ከሞላ ጎደል ሞልቶ ያለ አሽከርካሪ ይመዝናል። የአውሮፓው ደረጃ 75 ኪሎ ለአሽከርካሪና ለዕቃ ይጨምራል። ሦስተኛው ልማድ ያለ ነዳጅና ዘይት መመዘን ነው። 720ኤስ ስፓይደር በደረቁ 1,332 ኪሎ ተብሎ ይነገርለታል፤ በጀርመኑ ደረጃ ግን 1,468 ኪሎ ነው። የአንዱን መኪና ደረቅ ክብደት ከሌላው ሙሉ ክብደት ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ሰው ከ100 ኪሎ በላይ ይሳሳታል። አስተማማኙ መንገድ አንድን መኪና ከራሱ ዝግ ወንድም ጋር፣ በአንድ ሚዛን ማነጻጸር ነው።

በዘመናት መካከል ያለው ጉዞም መታየት አለበት። የ1957ቱ 300 ኤስኤል እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ወደ 6 ኪሎ ይሸከም ነበር። የ2021ዱ ኤስኤል 63 ባለ 4 ሊትር ቪ 8 ሞተሩ 585 የፈረስ ጉልበትና 800 ኒውተን ሜትር ያወጣል፤ ክብደቱ በአውሮፓው ደረጃ 1,970 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጉልበት 3.4 ኪሎ ያህል ብቻ ይሸከማል። በ3.6 ሰከንድ 100 ይደርሳል፣ እስከ 315 ይሄዳል። ኃይሉ ወደ ሦስት እጥፍ ሲጠጋ ክብደቱም በ600 ኪሎ ገደማ ጨምሯል። የአራት ጎማ መንጃ፣ የኋላ ጎማ መሪ፣ የኤሌክትሮኒክስ ብዛት ሁሉ ይመዝናል። መሐንዲሶች ይህን ለመቋቋም ብዙ ደክመዋል። የ2012ቱ ኤስኤል ቦዲ ከሞላ ጎደል በአሉሚኒየም ተሠርቶ ብረት ቢሆን ከሚመዝነው 110 ኪሎ አቅልሏል። የ2021ዱ ባዶ ቦዲ 270 ኪሎ ገደማ ብቻ እየመዘነ መጠማዘዝን የመቋቋም ብቃቱ ከቀዳሚው በ18 በመቶ አድጓል። እኔ ከ585ቱ ጉልበት ይልቅ ይህንን 18 በመቶ አከብራለሁ፤ ጉልበቱን መሬት ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነውና።

ኤሌክትሪክ ሲመጣ

ቴስላ በ2008 የመጀመሪያ መኪናውን ሲያወጣ ክፍት ስፖርት መኪና ነበር፤ መሠረቱን ከእንግሊዙ ሎተስ ወስዶ ባትሪውን ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጠ። ዛሬ ባትሪ በአብዛኛው ወለሉ ሥር ይዘረጋል፤ ለክፍት መኪና ይህ በረከትም ፈተናም ነው። በረከቱ ጠንካራው የባትሪ ሣጥን ወለሉን ያጸናል፣ ክብደቱም ከታች ይሆናል። ፈተናው ወለሉ ይወፍራል፣ መቀመጫው ከፍ ይላል፤ ስፖርት መኪና ደግሞ ሰውን ወደ መሬት አስጠግቶ ማስቀመጥ አለበት። ማዜራቲ በ2024 ባቀረበው ግራንካብሪዮ ፎልጎሬ ላይ ባትሪውን በመቀመጫዎቹ ሥር ሳይሆን በመሐልና በኋላ በኩል አስቀመጠው። በሦስት ሞተሮች 761 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በ2.8 ሰከንድ 100 ይደርሳል፣ እስከ 290 ይሄዳል። ከቤንዚን ወንድሙ ግን ከ400 ኪሎ በላይ ይከብዳል። ጣሪያ ማንሳት 50 ወይም 70 ኪሎ ሲያስከፍል፣ ባትሪ ብዙ እጥፉን ያስከፍላል። የሚቀጥሉት ዓመታት ትልቁ የምሕንድስና ጥያቄ ይህ ነው።

ይህ ጥያቄ ለአዲስ አበባ አንባቢም ይቀርባል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ፣ በእኛ 2016 ዓ.ም.፣ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በተጨማሪም በመግለጫ ላይ የሚታተመው የፈረስ ጉልበት ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ተርቦ ያለው በአቅሙ ልክ ያካክሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ምንም አያጣም። በኮብልስቶንና በተደጋጋሚ የፍጥነት መግቻ ላይ ደግሞ የሚፈተነው ጉልበት አይደለም፤ ይህ ዳሰሳ ሲያወራለት የቆየው የቦዲ ግትርነት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ሁሉ ወደ አንድ ፍርድ ይመራሉ። ዝግ ሆኖ ተወልዶ ኋላ ጣሪያው የተቆረጠ መኪና ዕዳውን በኪሎ ይከፍላል። ክፍት እንዲሆን ከመጀመሪያው መስመር የታሰበ መኪና ግን ዕዳው ቀላል ነው። የማዜራቲ ኤምሲ20 ገና ሲነደፍ ዝግም ክፍትም እንዲሆን ታስቦ ስለነበር በ2022 የወጣው ክፍቱ ቸሎ በ65 ኪሎ ብቻ ጨመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ኤስኤል ራሱ ነው። በ1957 ሮድስተሩ ከዝጉ መኪና ወጣ፤ የ2021ዱ ኤስኤል ግን ክፍት ሆኖ ብቻ ተነድፎ፣ በ2023 የመጣው ዝጉ ኤኤምጂ ጂቲ በእሱ መሠረት ላይ ተሠራ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ጣሪያ ለሌለው የጸና መሠረት ጣሪያ ላለው ከበቂ በላይ ይሆናል፤ ተቃራኒው ግን አይሠራም።

ስለዚህ የክፍት ስፖርት መኪና መግለጫ እጁ የገባ ሰው ንባቡን ከጉልበቱ አይጀምር። መጀመሪያ ከዝግ ወንድሙ ጋር ያለውን የክብደት ልዩነት በአንድ ሚዛን ይፈልግ። ቀጥሎ ጣሪያው ከምን እንደተሠራና ታጥፎ የት እንደሚያርፍ ይይ። ሦስተኛ ከፍተኛ ፍጥነቱ ተዘግቶ ወይስ ተከፍቶ የተለካ መሆኑን ይጠይቅ። አራተኛ ቢገለበጥ ራስን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያረጋግጥ። ጉልበትና ሰከንድ ከዚህ በኋላ ይምጡ፤ እነሱን በገንዘብ መጨመር ይቻላል፤ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ያልታሰበ ጽናት ግን በኋላ በማንም ጋራዥ አይገጠምም።